ቁልቁለቱን ስንወርድ ዳገቱን እናስብ

ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ይጨርስና ሲመለስ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚጓዝ ሰው ግን የሚገጥመው የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን የከበበው ጠርዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ውኃው ያለው ከዚያ ወርዶ ነው። እንግዲህ ቀላሉ መንገድ በጠዋት፣ ከባዱ ጉልበት ካለቀ በኋላ ይመጣል ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ 22 ወጣቶች ሆነን ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ወቅቱ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የፀደይ መገባደጃ ነበር፤ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነውና። በዚህ ወቅት ጠዋቱ ብሩህ ቢሆንም ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላም ይዘንባል።

እንሰቱን በግራና በቀኝ እያየን፣ እየዘመርን ወረድን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። በደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ጀልባው በየተራ አመላለሰን። ሰዓት የመቆጣጠር ኀላፊነት የእኔ ነበር። በ7 ሰዓት መመለስ እንድንጀምር ወስነን ሳለ፣ ጓደኞቼ «ትንሽ እንቆይ» ሲሉኝ «ገና ጊዜ አለን» አልኋቸው። የተነሣነው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ዳገቱን እንደ ጀመርን ዝናቡ ወረደ። ብርቱዎቹ ቀድመው ሄዱ። አንዲት እህታችን ግን ትንፋሽ አጥሯት ወደ ኋላ ቀረች። ከእርስዋ ጋር የቀረነው ሁለት ብቻ ነበርን፤ ላስቲኩና ደረቁ ጋቢ ደግሞ ከቀደሙት ጋር ሄዷል። ቀሚሷ ርሶ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎም ንግግሯ ተያያዘባት። ያን ጊዜ ፈራሁ።

በመንገዱ ዳር ያሉ አንዲት እናት አይተውን ወደ ቤታቸው አስገቡን። እርጥቡን ልብስ አውልቀው ደረቅ ጋቢ አለበሷት፤ እሳት ዳር አስቀምጠው ትኩስ ሻይ ሰጧት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ንግግሯ ተስተካከለ። እናታችን በኦሮምኛ የተናገሩትን ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ «ሐይቁ ነገም እዚሁ አለ፤ ለምን በጊዜ አልወጣችሁም?» ማለታቸው ነበር። መልስ አልነበረኝም። በኋላም እህታችንን በፈረስ አውጥተን ከጓደኞቻችን ጋር ተገናኘን።

ከዚህ ጉዞ የሚከተሉትን ትምህርቶች አግኝቻለሁ።

1ኛ/ የመመለሻ ሰዓት የሚወሰነው ከመውረድ በፊት ነው። ሐይቁ ዳር ደርሶ፣ ውበቱን እያዩ መወሰን ያስቸግራል። ለመውጣትም ከመውረጃው እጥፍ ጊዜ ይመደብ።

2ኛ/ የጉዞው ፍጥነት የደካማው ፍጥነት ይሁን። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ ይህ ስንፍና አይደለም። አንድ ብርቱ ሰው ዘወትር ከሁሉ ኋላ ይሂድ፤ በየማረፊያውም ቁጥር ይወሰድ።

3ኛ/ ደረቅ ልብስና ላስቲክ እያንዳንዱ በየራሱ ይያዝ። የረሰ የጥጥ ልብስ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል፤ ብርዱም በበጋ አገር እንኳ ሰው ይጎዳል። መንቀጥቀጥና የንግግር መያያዝ ከታየ ጉዞው ቆሞ ሕመምተኛው ይሙቅ።

4ኛ/ ነጎድጓድ ከተሰማ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ በተራራ ጫፍም ሆነ በብቸኛ ዛፍ ሥር አይቆምም።

ጓደኞቼ በዚያ ቀን አልወቀሱኝም። እኔ ግን «ገና ጊዜ አለን» ያልሁትን ቃል አልረሳሁትም። ደስ የሚለውን ነገር ለማራዘም ይሉኝታ ሲይዘን፣ ዕዳውን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ደካማው ነው። የሚቀጥለው ጉዞ አስተባባሪ የሚሆን ሁሉ ይህን ያስብ ዘንድ እለምናለሁ።

ለውይይት፦ በቡድናችን ውስጥ ወደ ኋላ የሚቀረው ማን ነው? ከእርሱ ጋር የሚቀረውስ?