ምዕራፍ 7፦ የማይነበብ ማመልከቻ

«ሪሞት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ስታገኙ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ከሆነ ልማዱን ቀይሩት። ቀድሞ መነበብ ያለበት አገሩ ነው። ብዙ ጊዜ ከርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፦ አሜሪካ ብቻ፤ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ተቀምጦ የሚያመለክት ሰው የሚመለከተው የመጨረሻውና «የትም ሆኖ መሥራት ይቻላል» የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትን መሙላት ቀን ማቃጠል ነው። «በአሜሪካ የመሥራት ፈቃድ አለዎት?» የምትለዋ ጥያቄ ላይ «የለኝም» ስትሉ ማመልከቻችሁን ሰው ሳያየው ማሽኑ ይጥለዋል። «አለኝ» ብላችሁ ብትዋሹ ደግሞ ውሸቱ ኮንትራት ሲፈረም ይወጣል፤ የዚያን ጊዜ የባከነው የሦስት ዙር ኢንተርቪው ድካም ነው።

ኩባንያዎቹ እንዲህ የሚያደርጉት አፍሪካዊ ስለማይወዱ ነው የሚል ወሬ አለ። አንዳንዱ ይኖር ይሆናል፤ ዋናው ምክንያት ግን የሒሳብ ክፍል ጣጣ ነው። በአንድ አገር ሠራተኛ መቅጠር የዚያን አገር ግብር፣ ጡረታና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሸከም ማለት ነው። ለአንድ ፕሮግራመር ብሎ ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍ የሚያስመዘግብ ኩባንያ የለም። ስለዚህ ወይ እንደ ዲል ያለ አማካይ ድርጅት በመሐል ገብቶ ይቀጥርለታል፣ ወይ እናንተ በኮንትራት የምትሠሩ ባለሙያ ትሆናላችሁ። ቢሮ የሚባል ነገር የሌለው ጊትላብ እንኳ የሚቀጥርባቸው አገሮች ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ የሥራ መመሪያውንም ለሕዝብ ክፍት ስላደረገው ገብታችሁ ብታነቡት ሪሞት ኩባንያ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ይህን የተረዳ አመልካች በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ «በኮንትራት መሥራት እችላለሁ፤ ግብሬን ራሴ አገሬ ላይ እከፍላለሁ» ብሎ አንድ መስመር ይጨምራል። ቀጣሪው ሊጠይቅ ያፈረበትን ጥያቄ ሳይጠየቅ መለሰለት ማለት ነው።

ሌላው የሚታለፈው ነገር ሰዓቱ ነው። በክረምታቸው ወራት በርሊን ከኛ በሁለት ሰዓት ትዘገያለች፤ በበጋቸው በአንድ። እነሱ ከጠዋቱ ዘጠኝ የሚሉት የቢሮ መግቢያ ለኛ በክረምታቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ መውጫቸው ምሽት 1 ሰዓት። ኒውዮርክ ስትሆን ያው ሥራ ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀምርና ሌሊት 7 ሰዓት ያልቃል። ሳን ፍራንሲስኮ ከሆነ ምሽት 2 ሰዓት ተጀምሮ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው የሚያበቃው። ይህን ለአንድ ወር ሁሉም ሰው ይችለዋል፤ ለሁለት ዓመት ግን ትዳርም ጤናም የሚጠይቅ ነገር ነው። እንደኔ እንደኔ ለኛ የሚቀርበው አቅጣጫ አውሮፓ ነው። ልጆቻችን ግን ዓይናቸውን ከሲሊከን ቫሊ አያነሡም፤ ከአምስተርዳም፣ ከበርሊንና ከታሊን የሚወጡት ማስታወቂያዎች ከኛ ሰው ብዙም አመልካች ሳያገኙ ይዘጋሉ።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ኢንተርቪው በፈረንጅ ሰዓት ሲቀጠር በእጃችሁ በኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የቀጠሮው መልእክት ላይ 3፡00 ተብሎ የተጻፈው ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑን እያወቀ በምሽት 3 ሰዓት ኮምፒውተር ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ዛሬም አለ። ማርች ወር ደግሞ የባሰ ነው፤ አሜሪካ ሰዓቷን በወሩ ሁለተኛ እሑድ ወደፊት ታደርጋለች፣ አውሮፓ በመጨረሻው እሑድ፣ እኛ አንነካውም። በመካከል ባሉት ሳምንታት ያለፈው ወር ስሌታችሁ አይሠራም።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ። ሲቪ በትኖ መልስ ያጣ ሰው የመጀመሪያ ጥርጣሬው ራሱ ላይ ነው። ጥርጣሬው ከገበያው ታሪክ ጋር ሲተያይ ግማሹ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ማስወደድ ሲጀምር፣ በኮሮና ጊዜ ያለ ልክ ሲቀጥሩ የነበሩ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ማሰናበት ጀመሩ። ሜታ በኖቬምበር 2022 11,000 ሰው፣ ጉግል በጃንዋሪ 2023 12,000፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ወር 10,000 እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ። እነዚህ ሰዎች ከእናንተ ጋር በአንድ ማስታወቂያ ላይ ይጋፉ ጀመር። በዚያ ላይ ቻትጂፒቲ ወጣና ማመልከቻ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆነ፤ አንድ ክፍት ቦታ ላይ የሚጎርፈው ወረቀት ከሚያነበው ሰው አቅም በላይ ነው። መልስ ያልሰጣችሁ ሰው ምናልባት አላነበበም።

ግማሹ ጥርጣሬ ግን እውነት አለው። ክሮፍት፣ ላንጌና ኖቶዊዲግዶ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በ100 የአሜሪካ ከተሞች ለወጡ 3,000 ያህል ማስታወቂያዎች ወደ 12,000 የሚጠጋ የፈጠራ ሲቪ ልከው ነበር። ሲቪዎቹ ላይ ሥራ ያጡበት ጊዜ ርዝመት በዕጣ ነው የተመደበው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሚደወልላቸው ቀነሰ፤ አብዛኛው ቅነሳ ደግሞ የታየው በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት ነው። ቦታዎቹ የሽያጭ፣ የደንበኛ አገልግሎትና የጽሕፈት ሥራዎች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ፕሮግራመር መገልበጥ አይገባም። ከሁሉ የሚጠቅመን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ሥራ በጠፋበት ከተማ ቀጣሪዎች ክፍተቱን ያን ያህል አልቆጠሩትም። ሁሉም ሰው ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ የአንዱ መቀመጥ ብዙም አይናገርም። ሥራ በሞላበት ከተማ ግን «ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ይሉታል።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላል ነው፤ ክፍተቱን መደበቅ ሳይሆን ቀን ያለው ነገር ማስገባት። ኮርስ ማለቴ አይደለም። የኮርስ ሰርተፊኬት በሽ ነው፤ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ብቻ ስንቱን በነፃ አስመርቋል። መማሩ ይጠቅማል፤ ሲቪ ላይ ግን ከሌላው አይለያችሁም። የሚለየው አንድ እውነተኛ ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሥራ ነው።

ሰፈራችሁ ያለ መድኃኒት ቤት ግቡ እንበል። የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ታትሟል፤ ባለቤቷ ደብተር ላይ የምትጽፈው በኛ ነው። በመካከል ስሕተት ይገባል፣ መድኃኒት ጊዜው አልፎ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ሊያልፍበት ሦስት ወር የቀረውን የሚያስታውስ ትንሽ ፕሮግራም ሥሩላት። እዚህ ጋ አንድ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ዘመን መለወጫን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ብሎ የሚያሰላ ኮድ። በ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ነው። ይህን የሚፈትሽ ሙከራ ጻፉ፤ ጊትሀብ ላይ አስቀምጡ፤ ችግሩ ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደፈታችሁት፣ ምን እንዳልተፈታ በግማሽ ገጽ አብራሩ። ባለመድኃኒት ቤቷ የምትከፍላችሁ ትንሽ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ላይሆንም ይችላል። ሲቪያችሁ ላይ ግን ባዶ የነበረው ዓመት ወርና ደንበኛ ያለው መስመር ሆነ። ጀርመን ያለ ኢንጂነር ስለ ጳጉሜን ሰምቶ አያውቅም፤ ስለ ቀን ስሌት ስሕተት ግን እንቅልፍ አጥቶ ያውቃል፤ ወሬ ትጀምራላችሁ።

በኢንተርቪው ላይ ክፍተቱን ሲጠይቋችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ ኮንትራቴ አለቀ ወይም ድርጅቱ ሰው ቀነሰ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሠርቻለሁ። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ስለ ሥራው ይሁን። በአገራችን ይሉኝታ ጠያቂውን ለማሳመን ስለ ቤተሰብ ሕመም፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አለቃችሁ ተንኮል መዘርዘር ይቀናናል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጠያቂው የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ይጨነቃል እንጂ አይቀጥርም።

ቤት ውስጥ ስላለው ቀን ደግሞ ብዙ መጻሕፍት «ተነሣ፣ ራስህን አነቃቃ» ከማለት አያልፉም። ከነሱ ይልቅ አንድ የቆየ ጥናት ይሻለናል። ከቪየና ብዙ በማትርቅ ማሪየንታል በምትባል መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዘግቶ መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዘል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሄደው ኑሮውን መዘገቡ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣ። ሰው ጊዜ ሲያገኝ ያነባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው መጽሐፍ ግን ከ1929 እስከ 1931 በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ የውሰት ክፍያው እንኳ ቀርቶ ሳለ። ተመራማሪዎቹ ተደብቀው ሰዓት ይዘው የመንገደኛውን እርምጃ ለኩ፦ ወንዶቹ ቀስ ይሉ ነበር፣ በየመንገዱ ይቆማሉ። ሴቶቹ ግን ፈጠን ይላሉ። እነሱም ከፋብሪካው ወጥተዋል፤ ነገር ግን ምሳ በሰዓቱ መድረስ አለበት፣ ልጅ መታጠብ አለበት።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ስምንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥ» የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። ቀኑን የሚይዘው ሌላ ሰው የሚጠብቅባችሁ ነገር ነው። ሥራ ፈላጊ ቤት ከዋለ ይላካል፤ ወፍጮ ቤት፣ ጋዝ ማስሞላት፣ የመብራት ካርድ ማስሞላት። «አንተ ቤት ነህ አይደል?» ይባላል። ሁሉንም እምቢ ያለ ይጣላል፤ ሁሉንም እሺ ያለ ኮድ አይጽፍም። የሚሻለው ለእናትም ለአባትም በግልጽ መናገር ነው፦ «እማዬ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት አትላኪኝ፤ ከዚያ በኋላ ያሻሽን አዘዢኝ።» አራት ሰዓት የማይነካ ጊዜ ከተገኘ ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ ማመልከቻ አንዱን ሰዓት ብቻ ይውሰድ። ሁለት ማስታወቂያ መርጦ፣ የኩባንያውን ገጽ በስልክ ከፍቶ፣ የሚዘገየውንና የተሰበረውን አይቶ «የክፍያ ገጻችሁ በስልክ ላይ ቁልፉን ይሸፍነዋል፤ እንዲህ ይስተካከላል» ብሎ መጻፍ፣ ሃምሳ ቦታ በአንድ ጠቅታ ከመላክ ይበልጣል። የሃምሳው ጥቅም ማታ «ዛሬ ሃምሳ ሞላሁ» ማለት ብቻ ነው።

ጊዜው ሲረዝም አጭበርባሪው ይመጣል፤ የሚመርጠውም ተስፋ የቆረጠውን ነው። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ላይክ ስታደርጉ ጥቂት ብር ከፍለዋችሁ ቀጥሎ «ደረጃ ለማሳደግ አስገቡ» የሚሉትን አብዛኛው ሰው ለይቷል። ፕሮግራመሩን ለይቶ የሚያጠምደው ግን ሌላ ነው። በሊንክዲን አንድ ቀጣሪ ነኝ ባይ መጥቶ «ይህን ፕሮጀክት አውርደህ አስኪደው፣ ስሕተቱን ፈልግ» ይላል፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ የይለፍ ቃልና የክሪፕቶ ቦርሳ የሚሰርቅ ተንኮለኛ ኮድ አለ። የደኅንነት ተመራማሪዎች ይህን ከሰሜን ኮሪያ ጋር አያይዘው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሲያጋልጡት ቆይተዋል። የማታውቁት ሰው የላከውን ኮድ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንጂ በዋናው ላፕቶፓችሁ አታስኪዱ። ሌላው «አካውንትህን አከራየኝ» ወይም «ኢንተርቪውን አንተ ግባልኝ፣ ሥራውን እኛ እንሠራለን» የሚለው ነው። በአሪዞና የምትኖር አንዲት ሴት ለሰሜን ኮሪያ ሠራተኞች የኩባንያ ላፕቶፖችን ቤቷ ውስጥ እያስቀመጠች ከ300 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎች እንዲታለሉ በመርዳቷ በጁላይ 2025 ስምንት ዓመት ተኩል ተፈርዶባታል። እዚህ ያለ ልጅ እስከዚያ ባይደርስ እንኳ አካውንቱ ይዘጋል፤ ስሙም ይጠፋል።

ተሳክቶ ኮንትራት ከመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ በጽሑፍ ጠይቁ። በፔይፓል እንከፍላለን ካሉና እናንተ በእሱ መቀበል ካልቻላችሁ አትሽቆጥቆጡ፤ ሌላ መንገድ ጠይቁ፣ ባንካችሁም ሄዳችሁ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ እንዴት እንደሚቀበል ከሚመለከተው ሠራተኛ ስሙ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ አልፏል፤ በባንክ መቀበል እንደ ድሮው የሚያስቆጭ አይደለም። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ የሁለቱም ቴሌኮም ሲም፣ ለራውተር የሚሆን ባትሪ፣ ሲብስ የምትሄዱበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ደንበኞቻቸውን ያላጡት አስቀድመው የተናገሩት ናቸው ብዬ አልምልም፤ የተናገረ ሰው ግን ሲመለስ የሚያስረዳው ያነሰ ነው።

ደመወዙን ለዘመድ በዶላር አትንገሩ። አጎታችሁ በጥቁር ገበያው አባዝቶ፣ ግብሩን ረስቶ፣ የሠርግ መዋጮ ይመድብላችኋል።