ሕመሙ ሲያልፍ የሚቀረው ፍርሃት፦ ቡችሎችን ከመኪና ጉዞ ጋር ስለማለማመድ

መግቢያ

ቡችላ ከመኪና ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በክፉ አጋጣሚ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ከእናቱና ከወንድሞቹ የሚለይበት፣ ሁለተኛው ደግሞ መርፌ የሚወጋበት ይሆናል። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሲጨመርበት መኪናው ለእንስሳው የመለየት፣ የሥቃይና የሕመም ምልክት ሆኖ ያርፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለቤቱ የመኪናውን በር ሲከፍት ቡችላው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ለሃጩን ያዝረበርባል። ባለቤቱም «ፈሪ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ይህ ድምዳሜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው የጉዞ ሕመም ሲሆን መነሻው ውስጠኛ ጆሮ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ሲሆን መነሻው ትምህርት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሕመሙ ሳይወገድ የሚደረግ ልምምድ ፍርሃትን ያስተምራል እንጂ አያስወግድም። ስለዚህ የማለማመዱ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የባለቤቱ ምቾት ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም የሰው ሕይወት በሚቀጥፍባት በኢትዮጵያ፣ መኪና ውስጥ መግባት የማይችል ውሻ ከክትባት የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከግቢ ሳይወጣ ለሚያድግ የጥበቃ ውሻ ደግሞ ወደ ሕክምና የሚወስደው ጉዞ ብቸኛው የመኪና ልምዱ ሊሆን ይችላል።

የጉዞ ሕመም አነሳስ

በውስጠኛ ጆሮ የሚገኘው የሚዛን አካል የራስን መዞርና መዘንበል፣ እንዲሁም የመኪናውን መፍጠንና መቆም ለአንጎል ያስታውቃል። በመኪናው ወለል ላይ የተኛ ቡችላ ዓይን ግን የሚያየው የማይንቀሳቀስ መቀመጫና በር ነው። የሁለቱ መልእክት አለመጣጣም የማስመለስን ሥርዓት እንደሚቀሰቅስ ይታመናል። ከሁለቱ ዋናው ግን የሚዛን አካሉ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በውሾች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች፣ ይህ አካል በቀዶ ሕክምና የተወገደለት ውሻ ቢወዘወዝም እንደማያስመልስ አሳይተዋል። በመሆኑም መስኮት መክፈትና ውጭውን ማሳየት ቢረዳም የሕመሙን ሥር አይነካም።

የጉዞ ሕመም ከጎልማሳ ውሾች ይልቅ ቡችሎችን ያጠቃል፤ ብዙዎቹንም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ መሠረት አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማጽናኛው የችግሩን ግማሽ ብቻ ያያል። ሕመሙ ያልፋል፤ ሕመሙ ያስተማረው ፍርሃት ግን ከሕመሙ ጋር አብሮ አይሄድም።

ሕመም ወደ ፍርሃት የሚለወጥበት መንገድ

ኢቫን ፓቭሎቭ ምግብን የሚያበስር ምልክት የለመደ ውሻ፣ ምግቡ ሳይቀርብ ምራቁን እንደሚያወርድ አሳይቷል። በመኪና የታመመ ቡችላም የሚማረው በዚሁ ሕግ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ፣ የቁልፉን ድምፅ እንደሰማ ወይም በሩ እንደተከፈተ ለሃጩ መውረድ ይጀምራል። ምልክቱ የሕመሙን ቦታ ወስዷል።

የዚህ ትምህርት ልዩ ጠባይ በጆን ጋርሲያና በሮበርት ኮሊንግ ጥናት ይብራራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ሥራ፣ አይጦች ጣዕም ያለው ውኃ ሲጠጡ ብርሃንና ድምፅ አብሮ እንዲታያቸውና እንዲሰማቸው አደረጉ። ከዚያ በኋላ እንዲታመሙ የተደረጉት አይጦች የሸሹት ጣዕሙን ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት የተቀጡት የሸሹት ብርሃኑንና ድምፁን ነበር። የሆድ ሕመም ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆራኘው ወደ አፍ ከገባው ነገር ጋር ነው ማለት ነው።

ከዚህ ለተግባር የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ ይገኛል። የሚያቅለሸልሸውን ቡችላ ለማባበል በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ የሚወደውን ሥጋ መስጠት የተለመደ ምክር ነው። ቡችላው ሥጋውን በልቶ ከታመመ ግን ሥጋው መኪናውን የተወደደ አያደርገውም፤ መኪናው ሥጋውን የተጠላ ሊያደርገው ይችላል። ባለቤቱም ለወደፊቱ ልምምድ ከሁሉ የሚጠቅመውን መሣሪያ ያጣል።

ሁለቱን ስለመለየት

ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ማለክለክ፣ ከንፈር ደጋግሞ መላስ፣ ማዛጋትና ምግብ እምቢ ማለት በሕመምም በፍርሃትም ይታያሉ። ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን አይበቃም፤ ምልክቱ የሚጀምርበት ጊዜና ቦታ መታየት አለበት። በቆመ መኪና ውስጥ ተረጋግቶ የሚበላ፣ ከተነሡ ከደቂቃዎች በኋላ ወይም መንገዱ ሲጠማዘዝ ከንፈሩን መላስ የሚጀምር ቡችላ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በሕመም ነው። በቆመ መኪና አጠገብ የሚንቀጠቀጥና በጉዞም አስመልሶ የማያውቅ ቡችላ ደግሞ የሚጠረጠረው በፍርሃት ነው።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ቀድሞ ታሞ አሁን በሩ ሲከፈት የሚፈራው። እዚህ ላይ ከምርመራው የበለጠ የሚጠቅመው ታሪኩ ነው። ለባለቤቱ መቅረብ ያለበት ጥያቄ «መጀመሪያ የመጣው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች አስመልሶ ከነበረ፣ ፍርሃቱን የወለደው ሕመም አሁንም እንዳለ መገመት ይገባል። ተደጋጋሚ ማስመለስ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከጉዞ ውጭም የሚያስመልስ ቡችላ በእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት።

የጊዜው ጥበት

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ማኅበራዊ ግንኙነትን በቀላሉ የሚቀበልበት ዘመን ከ3ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ እንደሆነ አስረድተዋል። ከዚያ ቀደም በ1961 የወጣው የፍሪድማን፣ የኪንግና የኤሊየት ጥናትም፣ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ከሰው ተለይተው ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰውን መልመድ እጅግ እንደሚከብዳቸው አሳይቷል። ጥናቶቹ ያተኮሩት በማኅበራዊ ግንኙነት ላይ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ግን ለድምፅ፣ ለቦታና ለመጓጓዣም ይህንኑ ዘመን እንዲጠቀሙበት ይመክራሉ።

ችግሩ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገሮች መገጣጠማቸው ነው። አንደኛ፣ ለጉዞ ሕመም መጋለጥ ከፍ ያለው በቡችልነት ነው። ሁለተኛ፣ ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ስለሚደገም ቡችላው ደጋግሞ ለመጓዝ ይገደዳል። ሦስተኛ፣ የጉዞ ሕመምን ለመከላከል በውሾች ላይ የሚታዘዘው ማሮፒታንት ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደው ከ4 ወር ጀምሮ ነው። ትምህርት የሚቀለው ገና መድኃኒቱ ባልተፈቀደበት ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከ4 ወር በፊት ሕመምን መከላከል የሚቻለው በዋናነት የጉዞውን ርዝመትና ጠባይ በመቆጣጠር ነው። በቤት የተገኘን የሰው መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው። እንደ አሴፕሮማዚን ያሉ ማረጋጊያዎችም እንቅስቃሴን ቢገቱ እንኳ ፍርሃቱን እንዳስወገዱ መቆጠር የለባቸውም፤ ጸጥ ያለ ሁሉ የተረጋጋ አይደለም።

የማለማመዱ ቅደም ተከተል

ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ የመፍታት ዘዴ ረጅም ታሪክ አለው። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን ምግቡን እየበላ ጥንቸሏ ቀስ በቀስ እንድትቀርበው በማድረግ ፍርሃቱን አስወገደች። ጆሴፍ ዎልፒ ደግሞ በ1958 መጽሐፉ፣ በጎጆ ውስጥ በኤሌክትሪክ ተነዝረው በዚያ ምግብ እምቢ ያሉ ድመቶችን፣ ጎጆው ያለበትን ክፍል በጥቂቱ ብቻ በሚመስል ሌላ ክፍል መመገብ ጀምሮ እንደፈወሳቸው ገልጿል። ከዎልፒ ሥራ የምንወስደው ዋና ነገር መለኪያው ነው፦ እንስሳው የሚበላበት ቦታ ፍርሃቱ ከአቅሙ ያላለፈበት ቦታ ነው።

በዚህ መሠረት ልምምዱ የሚጀምረው በግቢ ውስጥ፣ በጥላ ሥር በቆመ መኪና ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሮቹ ተከፍተው ቡችላው በመኪናው አጠገብ ይመገባል፤ ቀጥሎ በደፉ ላይ፤ ቀጥሎ ተሸክሞ የሚያስገባው ሳይኖር በራሱ ፈቃድ ውስጥ ገብቶ። ከዚያ በሩ ለጥቂት ሰከንዶች ይዘጋል፤ ባለቤቱም አብሮ ይቀመጣል። ይህን ሲለምድ ሞተሩ ይነሳል፤ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። እስከዚህ ድረስ ሕመም ስለሌለ ምግብን እንደ ሽልማት መጠቀም ይቻላል።

መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሕጉ ይለወጣል። የመጀመሪያው ጉዞ ከግቢው በር አያልፍም፤ ቀጣዩም አንድ ዙር ብቻ ይሆናል። ለሕመም የሚጋለጥ ቡችላ በመንገድ ላይ አይመገብም፤ ሽልማቱ ከመኪናው ሲወርድ የሚያገኘው ጨዋታ ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ሙሉ ምግብ አይሰጠውም፤ ሆኖም ትንንሽ ዝርያ ያላቸው ቡችሎች ረጅም ጾም የደም ስኳራቸውን ሊያወርደው ስለሚችል ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል። በሚገባ የታሰረ የመጓጓዣ ሳጥንና በቤቱ የለመደው ብርድ ልብስ መወዛወዙን ይቀንሳሉ። አሽከርካሪው ፍሬኑን በለሆሳስ መያዙና ጠመዝማዛ መንገድን ለኋላ ማቆየቱም የልምምዱ አካል ነው።

በየደረጃው የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ርቀቱ፣ ወይ ፍጥነቱ፣ ወይ መንገዱ። ምልክት ከታየ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ እንጂ መግፋት አያስፈልግም። «ረጅም መንገድ ይወሰድ፣ ይለምደዋል» የሚለው አካሄድ በተለይ ለታማሚ ቡችላ የተገላቢጦሽ ውጤት አለው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ተጨማሪ ትምህርት ነውና።

ልምምዱ ሳያልቅ የክትባት ቀን ቢደርስ ክትባቱ አይዘገይም። የሚቻል ከሆነ ሐኪሙ ወደ ቤት ይመጣል፤ አለዚያም የክትባቱ ጉዞ በሌላ መኪና ወይም በሌላ ሳጥን ይደረጋል፤ ልምምዱ የሚካሄድበት ዕቃ ለመርፌው ምልክት እንዳይሆን። በሌላ ቀን ደግሞ ያለ መርፌ ወደ ሕክምናው ደጃፍ ደርሶ መመለስ ይጠቅማል። በየትኛውም ደረጃ ቡችላን በተዘጋ መኪና ውስጥ ብቻውን መተው አይገባም፤ የመኪናው ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

መደምደሚያ

የሚፈራ ቡችላ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እናደፋፍረው?» ሳይሆን «ምን ተምሮ ነው?» የሚለው መሆን አለበት። መልሱ ሕመም ከሆነ ሕክምናው ከሆዱ ይጀምራል፤ ልምምዱ ይከተላል። መልሱ ፍርሃት ብቻ ከሆነ ልምምዱ ወዲያው ሊጀመር ይችላል። ሁለቱ ተደራርበው ከተገኙ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። የልምምዱን ፍጥነት የሚወስነው የባለቤቱ የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የቡችላው የምግብ ፍላጎትና የሰውነት ሁኔታ ነው። በቆመ መኪና ያለፉ ጥቂት ሳምንታት የባከኑ ይመስሉ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በሚቀጥሉት ዓመታት ውሻው ወደ ሐኪም መድረስ መቻሉ የሚወሰነው በእነዚያ ሳምንታት ነው።