ውድድርና የሕፃናት ድርሰት



በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት «ድርሰት ጻፉ» ሲባሉ ብዙዎቹ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ስሕተታቸው ነው። «ፊደል እገድፍ ይሆን? ይሳቅብኝ ይሆን?» ብለው ይፈራሉ። እነዚሁ ልጆች ግን ማታ «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» ብለው ተቀብለው ጅብንና ጦጣን እንደ ሰው ያናግራሉ። እንግዲህ የጎደላቸው ሐሳብ ሳይሆን ድፍረት ነው። ውድድር ይህን ድፍረት ይሰጣልን ወይስ ይነሣል? የዛሬው ጥናታችን ይህ ነው።

፩. የእንግሊዝ አገር ምሳሌ

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2011 «500 ቃላት» የተባለ የሕፃናት ድርሰት ውድድር በሬዲዮ ጀመረ። ከ2020 በኋላ ተቋርጦ በ2023 እንደገና ሲጀመር ከ5 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን ልጆች በሁለት የዕድሜ ክፍል ለይቶ ተቀበለ። ታሪኩ ከ500 ቃላት መብለጥ የለበትም። ዳኞች የሚመዝኑት የሐሳቡን አዲስነት፣ የታሪኩን አካሄድና የባለታሪኮቹን አሳሳል ነው፤ በፊደል ግድፈት ነጥብ አይቀነስም። ሽልማቱም መጻሕፍት ነው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» እንደሚባለው፣ ታሪኩን ከነግድፈቱ ተቀበሉት ማለት ነው። ታዲያ ግድፈቱ ሳይታረም ይቅር? አይደለም፤ እርማት የራሱ ቀን ይኑረው እንጂ ታሪኩ ሳይነገር አፉን አይዝጋው።

፪. የቅኔ ቤት ልማድ

የአገራችን ሊቃውንትም ይህን ጥበብ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ተማሪው የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን፤ ከአጭር መጀመር፣ የራስን ማቅረብና ሰሚ ማግኘት።

፫. ጥንቃቄ የሚያሻው

ከ40 ልጆች 3ቱ ቢሸለሙ 37ቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ውድድሩ በጎ መሆኑ የሚታወቀው በሦስቱ ደስታ ሳይሆን 37ቱ በማግሥቱ እርሳስ በማንሣታቸው ነው። ስለዚህ በየሰፈራችን ለሕፃናት ውድድር ስናዘጋጅ፦

ሀ. ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ታሪክ እንጠይቅ፤ ታናናሾቹን ከታላላቆቹ ጋር አናወዳድር።
ለ. ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም የጻፈው እንዳይሆን ልጆቹ በአንድ ቦታ ተቀምጠው ይጻፉ።
ሐ. ለእያንዳንዱ ልጅ ከታሪኩ የወደድነውን አንድ ነገር ለይተን በጽሑፍ እንንገረው። «ጎበዝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «አህያዋ የተናገረችው አሳቀኝ» ሲባል ግን መነበቡን ያውቃል።
መ. የሁሉንም ታሪክ በአንድ ጥራዝ ሰፍተን እናስቀምጥ፤ ያልተሸለመውም ስሙን ከዚያ ያገኛል።
ሠ. ሽልማቱ ደብተር፣ እርሳስና የተረት መጽሐፍ ይሁን፤ ገንዘብ ልጁን ከታሪኩ ይልቅ ወደ ኪሱ ያስመለክተዋልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ሕፃናት መጻፍ የሚፈሩት በምን ምክንያት ነው?
2. ያልተሸለመ ልጅ ሲያለቅስ ብናገኘው ምን እንለዋለን?
3. ከመካከላችን የ40 ልጆችን ታሪክ በትዕግሥት አንብቦ መልስ የሚጽፍ ማን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በሥራ እንድንመልሰው አደራ እላለሁ።