አየሩ ሲሳሳ፦ የወጣቶች የውድድር መኪና ዝግጅት እና የቦሬ ቁልቁለት

ከቦሬ ወደ አዶላ በሚወርደው መንገድ የተጓዘ ሰው የሚያውቀው አንድ ሽታ አለ፤ እርሱም የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስንወርድ፣ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ዳር ይዞ ቆሞ ከኋላ ጎማዎቹ ጢስ ሲወጣ፣ ረዳቱም ድንጋይ አንሥቶ ጎማው ሥር ሲያስገባ ተመለከትን። ሾፌሩ ወርዶ፣ «ረገጥኩት፤ አልያዘልኝም» አለን። ከዚህ በላይ የተናገረው ነገር አልነበረም።

በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለን፣ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን በብርዱ ወራት የጎበኘነው የአንድ የወጣቶች ውድድር ቡድን ጋራዥ ነው። የውድድሩ ወቅት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ስለ ፍጥነት ብዙ እንሰማለን ብለን ጠብቀን ነበር፤ መካኒኮቹን ያገኘናቸው ግን ያረጀ የፍሬን ዘይት ሲያወጡ ነበር። በዚያ ቀዝቃዛ ጋራዥና በቦሬ ቁልቁለት መካከል ያለውን ዝምድና ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ነጠላ መቀመጫ፣ አንድ ዓይነት መኪና

የምንናገርለት ውድድር ፎርሙላ 4 ይባላል። መኪናው የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ አራቱም ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ ተጋልጠው ይታያሉ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ይህን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው፣ በትናንሽ የካርት መኪናዎች የሠለጠኑ ታዳጊዎች ወደ ፎርሙላ 3፣ ፎርሙላ 2 እና ፎርሙላ 1 የሚወጡበት የመጀመሪያ እርከን እንዲሆን ነው። ዝቅተኛው የመወዳደሪያ ዕድሜ 15 ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የጣሊያን ሻምፒዮና ያሸነፈው ካናዳዊው ላንስ ስትሮል እ.ኤ.አ. በ2017 ፎርሙላ 1 ደርሷል።

ለፊዚክስ ተማሪ ትኩረት የሚስበው ነገር፣ በአንድ አገር ሻምፒዮና ውስጥ የሚወዳደሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አካል፣ አንድ ዓይነት ሞተርና አንድ ዓይነት ጎማ መጠቀማቸው ነው። ገንዘብ ያለው ቡድን የበለጠ ሞተር ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ ልዩነቱ የሚመጣው ከነጂው ችሎታና ከዝግጅቱ ጥራት ነው።

የዝግጅቱም ሥራ ብዙ ነው። መኪናው እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፤ የብረት ክፍሎቹ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ እንዳይኖርባቸው ይመረመራሉ። መቀመጫው በነጂው ጀርባ ቅርጽ ልክ ይሠራል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት በአራት ሚዛኖች ይለካል። ነጂውም አንገቱን ያጠነክራል፤ ራሱና የራስ ቁሩ በአንድነት 6 ኪ.ግ. ያህል ይመዝናሉ ብንል፣ ከምድር ስበት እጥፍ በሚሆን ሽምጠጣ ሲታጠፍ አንገቱ የ12 ኪ.ግ. ሸክም በጎን ይዞ እንደቆመ ይቆጠራል።

መኪናውን ቦሬ ብናመጣው

ቦሬ ላይ የመኪና ውድድር የለም። ሆኖም በፊዚክስ የሐሳብ ሙከራ የተለመደ ነውና፣ ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን ቦሬ አምጥተን ለአዲስ ወቅት እናዘጋጀው። ሐሳቡ ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የፎርሙላ 4 ውድድር ተጀምሯል፤ የሜክሲኮ ከተማ የውድድር ጎዳናም ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ከዚያ ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ቦሬ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች።

በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 72 በመቶ ያህል ነው። በአንድ ዓይነት መጠነ ሙቀት ስናነጻጽር የአየሩ እፍጋትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ላይ 1.225 ኪ.ግ. ሲመዝን፣ በቦሬ 0.88 ኪ.ግ. ያህል ይሆናል። የቦሬ ሰው ይህን በምድጃው ላይ ያውቀዋል፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህ ለውጥ በመኪናችን ላይ ምን ያስከትላል? አራት ነገሮችን በተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ ሞተሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ፎርሙላ 4 ይጠቀምበት የነበረው ቱርቦ የሌለው ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር። ነዳጅ የሚነደው ከኦክስጂን ጋር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ በቦሬ 115 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ይቀረዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አስቀድሞ ስለሚጨምቅ ጉዳቱ ይቀንስለታል።

ሁለተኛ፣ የአየር ተቃውሞ። ይህም በእፍጋቱ ልክ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጋብዛለን። የሞተሩ ጉልበትና የአየሩ ተቃውሞ በእኩል መጠን ከቀነሱ፣ መኪናው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ምን ይሆናል? መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ የጎማውን ሰበቃ ከተውነው ከፍተኛው ፍጥነት አይለወጥም። የሚለወጠው እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜና ርቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ወደታች የሚጫነው ኃይል። የመኪናው ክንፎች የተሠሩት ከአውሮፕላን ክንፍ በተቃራኒ ነው፤ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ወደ መንገዱ ይጫኑታል። አየሩ ሲሳሳ ይህም ኃይል 72 በመቶ ይሆናል። በሜክሲኮ ከተማ የሚወዳደሩ ቡድኖች ከፍተኛ ጫና የሚሰጡ ክንፎችን የሚገጥሙት ስለዚህ ነው። ይህንንም አድርገው መኪናው በመታጠፊያ ላይ የመንሸራተት ጠባዩ አይተወውም።

አራተኛ፣ ማቀዝቀዝ። በፍሬኑ ዲስክ ላይ የሚነፍሰው አየር በፍጥነቱ አይቀንስም፤ በመጠነ ቁሱ ግን 28 በመቶ ያንሳል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው ደግሞ ይኸው መጠነ ቁስ ነው።

የማይሳሳው ነገር

ከላይ እንደተመለከትነው ከፍታው ከሞተሩም፣ ከክንፉም፣ ከማቀዝቀዣውም ቀንሷል። አንድ ነገር ግን ምንም አልነካም፤ የእንቅስቃሴ ኢነርጂን። ይህ ኢነርጂ የመጠነ ቁስ ግማሽ በፍጥነት ስኩዌር ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ፣ በቀመሩ ውስጥ አየር የሚባል ነገር የለም።

በቁጥር እንየው። መኪናውና ነጂው በአንድነት 600 ኪ.ግ. ይሁኑ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 50 ሜትር ሲበር ቆይቶ፣ ለመታጠፍ ወደ 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሜትር ዝቅ ቢል፣ ያጣው ኢነርጂ 630,000 ጁል ነው። ይህ ኢነርጂ በቦሬ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው ፍሬኑን በረገጠባቸው ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ከዚህ ሙቀት አብዛኛው ወደ አራቱ ዲስኮች ይገባል። በሚቀጥለው መታጠፊያም እንደዚሁ ይደገማል።

የፍሬን ዘይት ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፈሳሽ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ከ230 ዲግሪ እንዳያንስ ደንቡ ያዛል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚፈቀድለት ዝቅተኛ ወሰን ግን 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ግን አይዝም። መካኒኮቹ ከሁሉ አስቀድመው አሮጌውን ዘይት ያወጡ የነበሩበት ምክንያት ይህ ነበር።

ኢነርጂው መውጫ ሲያጣ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 የ17 ዓመቱ ቢሊ ሞንገር በእንግሊዝ ዶኒንግተን ፓርክ በፎርሙላ 4 ውድድር ላይ ሳለ፣ ከፊቱ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሁለቱንም እግሮቹን አጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት በእጅ በሚታዘዝ መኪና ወደ ውድድር ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም የፖ ግራንድ ፕሪን አሸነፈ። ጽናቱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ በታዳጊዎች ስፖርት ውስጥ ዋጋው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል መርሳት አይገባም።

የመኪናው አፍንጫ በግጭት ጊዜ እንዲሰባበር ሆኖ መሠራቱ ለምን እንደሆነ ስሌቱ ይነግረናል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚሄድ መኪና በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ አማካይ ሽምጠጣው የምድር ስበት 200 እጥፍ ይሆናል። አፍንጫው ተሰባብሮ ማቆሚያውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ቢያረዝመው ግን 34 እጥፍ ብቻ ይሆናል። የጠፋው ኢነርጂ በሁለቱም አንድ ነው፤ ሕይወትን የሚለየው የጠፋበት ርቀት ነው። ከነጂው ራስ በላይ የሚታየው ሄሎ የተባለ ቅስትም እ.ኤ.አ. በ2018 በፎርሙላ 1 ግዴታ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአዲሶቹ የፎርሙላ 4 መኪናዎች ላይ ተገጥሟል።

ወደ መንገዳችን እንመለስ

በቦሬና በአዶላ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ800 ሜትር በላይ ነው። አንድ 10,000 ኪ.ግ. የሚመዝን የጭነት መኪና ከዚህ ውስጥ 500 ሜትሩን ብቻ ቢወርድ፣ የከፍታ ኢነርጂው በ49 ሚሊዮን ጁል ይቀንሳል። ይህ ከላይ ካየነው የውድድር መኪና ፍሬን አያያዝ 78 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከፊሉን የአየር ተቃውሞና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መውሰድ አለበት፤ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር፣ ሞተሩን ከሥራ አስወጥቶ ሸክሙን ሁሉ በሸራው ላይ ጫነ ማለት ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል፤ ከበሮውም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። የፍሬን ዘይት በሚጠቀሙት ሚኒባሶችና ፒክአፖች ላይ ደግሞ የመፍላቱ አደጋ ይጨመራል፤ በጉምና በዝናብ አገር ሁለትና ሦስት ዓመት ያልተለወጠ ዘይት ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ አንባቢ ይገምት። ዳር ይዞ የቆመው ሾፌር «አልያዘልኝም» ያለው ይህንኑ ነው። እርሱስ ዕድለኛ ነበር፤ መቆሚያ አግኝቷል።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በከባድ ማርሽ መግባት፣ ፍሬንን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ፣ መንገድ ላይም ዳር ይዞ ማሳረፍ ነው። የውድድር ቡድኖቹ በብርዱ ወራት የሚያደርጉት ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም፤ ኢነርጂው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ያውቃሉ፣ መንገዱንም ያሰናዱለታል።

በቦሬ፣ በአዶላ፣ በዋደራና በነገሌ የምትማሩ ተማሪዎች፣ ይህን ስሌት የምትሠሩበት መንገድ በደጃችሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች እናቀርብላችኋለን።

1. አንድ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ፣ ያለ ፍሬንና ያለ ሞተር፣ ሰበቃና የአየር ተቃውሞ እንደሌለ ተቆጥሮ፣ በከፍታ 46 ሜትር ቢወርድ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? የምድር ስበትን በሰከንድ ስኩዌር 9.8 ሜትር ውሰዱ። መልሱ ከ100 በላይ ሆኖ ካገኛችሁት አትደንግጡ፤ ትክክል ነው።

2. የመኪናው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር ለመጀመሪያው ጥያቄ ያገኛችሁት ፍጥነት ይለወጣል? ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀትስ? የሁለቱን መልሶች ልዩነት በሚገባ የተረዳ ተማሪ፣ ከመጠን በላይ የጫነ መኪና በቁልቁለት ላይ ለምን እንደሚያስፈራ ለሾፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ለተሳፋሪውም ማስረዳት ይችላል።