ለቅጥቅጥ አውቶቡስ ምትክ ካምቢዮ መምረጥ፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ መንገዶች ላይ የተመሠረተ ስሌት

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በጭነት መኪና ሻሲ ላይ የመንገደኛ አካል ተሠርቶላቸው የሚያገለግሉ፣ በተለምዶ «ቅጥቅጥ» የሚባሉ አሮጌ አይሱዙዎች ካምቢዮ ሲበላሽባቸው ምትኩ በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ ይመረምራል። ባለ5 እና ባለ6 ማርሽ ካምቢዮዎች በዳገትና በቁልቁለት ስሌት ተነጻጽረዋል። የደረስንበት መደምደሚያ፣ ምርጫውን ሊወስን የሚገባው ዋጋው ወይም የመጨረሻው ማርሽ ፍጥነት ሳይሆን የሁለተኛው ማርሽና የዲፈረንሻሉ ጥምርታ ብዜት መሆኑን ያሳያል።

መግቢያ

ከደሴ በወረ ኢሉ በኩል ወደ ደጎሎ፣ ወይም በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ አውቶቡስ አብዛኛውን መንገድ በደጋ ላይ ይሄዳል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ጎጃም ለመሻገር ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድና መልሶ መውጣት የግድ ነው። ከደጎሎ ወደ መርሐቤቴ የሚሻገረውንም መንገደኛ የወንጪት ሸለቆ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የካምቢዮ ምርጫ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

በተግባር ግን ምትክ ካምቢዮ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን ከመሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች የተገኘውና በቡሎኖቹ የሚገጥመው ነው። መግጠም አስፈላጊ መመዘኛ ቢሆንም በቂ አይደለም።

የስሌቱ መነሻ

ለስሌቱ የሚከተለው አውቶቡስ በምሳሌነት ተወስዷል፦ ሙሉ ክብደት 7,500 ኪሎ ግራም፣ የጎማ ሬዲየስ 0.38 ሜትር፣ የዲፈረንሻል ጥምርታ 5.8፣ ከሞተር እስከ ጎማ ያለው ብቃት 88 በመቶ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ 280 ኒውተን ሜትር ቶርክ የሚሰጥ። የጠጠር መንገድ የመንከባለል ተቃውሞ 0.02 ተደርጓል።

የሚነጻጸሩት ካምቢዮዎች በአይሱዙ ኤንፒአር ቤተሰብ የሚታወቁ ጥምርታዎች አሏቸው። የባለ5ቱ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ 5.32፣ 3.05፣ 1.66፣ 1.00 እና 0.72 ሲሆን፣ የባለ6ቱ 5.98፣ 3.43፣ 1.86፣ 1.30፣ 1.00 እና 0.76 ነው።

ዳገት፦ ከፍታ የሚወስደው ማርሽ

በ2,600 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ 77 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ፣ ቶርኩም በተመሳሳይ መጠን ቀነሰ ብንል 216 ኒውተን ሜትር ይቀራል።

11 በመቶ ተዳፋት ያለው ዳገት ለመውጣት ጎማው ላይ 9,500 ኒውተን ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ ይህም 3,610 ኒውተን ሜትር ያህል የጎማ ቶርክ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ለዚህ የሚበቃው የካምቢዮ ጥምርታ 2.53 ሲሆን፣ በደጋው ግን 3.28 ይሆናል።

የልዩነቱ ትርጉም ግልጽ ነው። ባለ5 ማርሹ ቆላ ላይ ዳገቱን በሁለተኛ ይወጣል፤ ደጋ ላይ ግን 3.05 ስለማይበቃው ወደ አንደኛ መውረድ አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር የአንደኛ ማርሽ ፍጥነት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ6 ማርሹ በሁለተኛ፣ በ3.43፣ ዳገቱን ይወጣል፤ ፍጥነቱም 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በረጅም ዳገት ይህ የጊዜ ብቻ ሳይሆን የሞተር ሙቀትና የፍሪሲዮን ዕድሜ ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ የካምቢዮውን ቁጥር ከዲፈረንሻሉ ነጥሎ ማየት ያሳስታል። በዚህ ምሳሌ የሚፈለገው የሁለቱ ብዜት 19 ነው። ዲፈረንሻሉ 5.8 ከሆነ የባለ6ቱ ሁለተኛ ማርሽ 19.9 ይሰጣል። ዲፈረንሻሉ 5.1 ከሆነ ግን ብዜቱ ወደ 17.5 ይወርድና ተጨማሪ ገንዘብ የወጣበት ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት የዲፈረንሻሉን ጥርስ መቁጠር ይገባል።

ቁልቁለት፦ ዋናው መመዘኛ

ይኸው አውቶቡስ 1,000 ሜትር ሲወርድ 73.6 ሜጋ ጁል ጉልበት ይለቃል። ተዳፋቱ 8 በመቶ ከሆነ መንገዱ 12.5 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢወርድ፣ የመንከባለል ተቃውሞው ተቀንሶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል 30 ኪሎ ዋት ያለማቋረጥ መታፈን አለበት። በ15 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 18 ኪሎ ዋት ዝቅ ይላል። ሞተሩ ያልያዘውን የሚይዘው ፍሬኑ ነው፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ኃይሉ ይደክማል።

ዝቅተኛ ማርሽ በሁለት መንገድ ያግዛል፤ ፍጥነቱን በመቀነስ የሚታፈነውን ኃይል ያሳንሳል፣ የሞተሩን ዙር ከፍ በማድረግም የሞተሩን የመያዝ አቅም ይጨምራል። በባለ5ቱ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ያለው ልዩነት 1.84 እጥፍ በመሆኑ ሁለተኛ የዘገየበት ሹፌር ሦስተኛ አስገብቶ በፍሬን ለመውረድ ይፈተናል። በባለ6ቱ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ያለው ልዩነት 1.43 እጥፍ ብቻ ስለሆነ ከመንገዱ ጋር የሚስማማ ማርሽ ማግኘት ይቀላል። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ ግን የትኛውንም ካምቢዮ ትርጉም ያሳጣዋል።

የመግጠምና የጤንነት ምርመራ

በቅጥቅጥ ላይ ሻሲው ተራዝሞ ሊሆን ስለሚችል የካምቢዮው ርዝመት ሲለወጥ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ርዝመትና የመገጣጠሚያዎቹ አንግል ይዛባል፤ ንዝረትና የኩሽኔታ መበላት ያስከትላል። የመግቢያው ዘንግ ጥርስ ቁጥርና የፍሪሲዮን ሸራው መግጠም፣ የኋላ ማንጠልጠያው፣ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ በተሳፋሪው ወለል ሥር የሚያልፍበት መንገድና የፍጥነት ቆጣሪው መያዣ በቅድሚያ መለካት አለባቸው።

ያገለገለ ካምቢዮ ዘይቱ ተቀድቶ የብረት ብናኝ ይፈተሽ፤ ዘንጎቹ ሲነቀነቁ ያለው ክፍተት ይለካ፤ ሲንክሮናይዘሮቹም ይታዩ። በጭነት ማርሽ የሚያመልጠው ካምቢዮ በርካሽ ቢገኝም ሊገዛ አይገባም፤ ቁልቁለት መካከል ማርሽ ያመለጠበት አውቶቡስ ሳይፈልግ ፎሌ ውስጥ ገብቷልና።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

የምርጫው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይመከራል። በመጀመሪያ የመስመሩ ከባድ ዳገትና ረጅም ቁልቁለት ይለይ፤ ቀጥሎ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ተቆጥሮ የሚፈለገው ብዜት ይሰላ፤ ከዚያ መግጠሙና ጤንነቱ ይመርመር፤ ዋጋው በመጨረሻ ይታይ። ሸለቆ ለሚያቋርጥ መስመር፣ ዲፈረንሻሉ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ባለ6ቱ ይመረጣል። በደጋው ሜዳ ላይ ብቻ ለሚመላለስ አውቶቡስ ግን በቅርብ ጋራዥ የሚጠገንና መለዋወጫው የማይጠፋ ባለ5 ማርሽ የተሻለ ነው፤ መለዋወጫ እየጠበቀ ለሳምንታት የሚቆም አውቶቡስ የትኛውንም ዳገት አይወጣም። ቱርቦ ያለው ሞተር በከፍታ የሚያጣው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ የዳገቱ ስሌት ለእሱ ይላላል፤ የቁልቁለቱ ግን አይለወጥም።