የፕሮዲውሰር ትዝታ እንደ ታሪክ ምንጭ፦ የ«ሂሮስ» አልበም ቀረጻ

ስለ አንድ አልበም ሲወራ ስሙ የሚነሣው ዘፋኙ ነው። ፕሮዲውሰር ሲባል ደግሞ ብዙዎቻችን ገንዘብ የሚያወጣውን ሰው እናስባለን። በቀረጻ ሥራ ግን ፕሮዲውሰር ማለት ድምፁ እንዴት እንደሚቀረጽና መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስል የሚወስን ባለሙያ ነው። ስለሆነም ትዝታው ለተመራማሪ ጥሩ ምንጭ ነው። ለመሆኑ ምን ያህል እንመነው?

ለምሳሌ የዴቪድ ቦዊን «ሂሮስ» እንውሰድ። ይህ የሙከራ ሮክ አልበም የተቀረጸው በ1977 እ.ኤ.አ. በምዕራብ በርሊን፣ ከግንቡ አጠገብ በሚገኘው ሃንዛ ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ቦዊ ራሱና አሜሪካዊው ቶኒ ቪስኮንቲ ነበሩ። ብራያን ኢኖ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን የተሳተፈው በድርሰትና በሲንተሳይዘር ነው።

የቪስኮንቲ የመጀመሪያ ትዝታ ስለ ማይክራፎን ነው። ስቱዲዮው ቀድሞ ኮንሰርት ይቀርብበት የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ለርዕሱ ዘፈን ሦስት ማይክራፎን ተተከለ፤ አንዱ ከቦዊ አፍ አጠገብ፣ ሁለተኛው ወደ 6 ሜትር፣ ሦስተኛው ወደ 15 ሜትር ርቀት ላይ። በሩቆቹ ላይ ድምፅ የተወሰነ ከፍታ ካልደረሰ የማያሳልፍ መሣሪያ ተገጠመ። ቦዊ ቀስ ብሎ ሲዘፍን የሚሠራው የቅርቡ ብቻ ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሁለተኛው ይከፈታል፤ ሲጮህ ሦስተኛውም ይከፈትና የአዳራሹ ማሚቶ ይገባል። ይህን ትዝታ ማንም ሊፈትነው ይችላል፤ ዘፈኑን ከፍቶ መስማት ነው። መጀመሪያ ጆሯችን ሥር የነበረው ድምፅ እየቆየ አዳራሹን ይሞላል።

ሁለተኛው ትዝታ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዘፈኑ በግንቡ አጠገብ ስለሚሳሳሙ ሁለት ፍቅረኞች ያነሣል። ቦዊ ለብዙ ዓመታት በመስኮት ያያቸው የማይታወቁ ሰዎች ናቸው ይል ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሰውየው ቪስኮንቲ፣ ሴቲቱ አጃቢ ድምፃዊቷ አንቶኒያ ማስ ነበሩ። ቪስኮንቲ ያኔ ባለትዳር ስለነበር ቦዊ ምሥጢሩን ጠበቀለት። እውነቱ በይፋ የተነገረው ያ ትዳር ከፈረሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን አንድ ነገር አለ። ቪስኮንቲ መሳሙን ያውቃል፤ ቦዊ በመስኮት ሲያይ ምን እንዳሰበ ግን ሊያውቅ አይችልም። ያንን የሚያውቀው ቦዊ ብቻ ነበር፤ እሱም በ2016 ዓረፈ። እያንዳንዱ ምስክር የሚያውቀው የራሱን ድርሻ ነው።

በአጠቃላይ እኛም ለመመረቂያ ጽሑፍ ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ሦስት ጥያቄ እንያዝ፦ ተናጋሪው ይህን እንዴት ሊያውቅ ቻለ? የሚፈተንበት መንገድ አለ? ያኔ ቢናገር ማን ይጎዳ ነበር? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ዘግይቶ የመጣ ቃል ሁሉ ፈጠራ አይደለም፤ ቀድሞ የተነገረውም ሁሉ እውነት አይደለም።