የአሮጌው የመኖሪያ መኪና መታጠቢያ ክፍል ለምን አይሞቅም?

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ያመረታቸው የመኖሪያ መኪኖች ዛሬም በአሜሪካ ጎዳናዎች ይታያሉ። በእነዚህና በመሰል አሮጌ መኪኖች በብርድ ወራት የሚያድር ሰው፣ ሳሎኑ ሞቆ ሳለ መታጠቢያ ክፍሉ ቀዝቅዞ፣ አልፎም በቧንቧው ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

የማሞቂያውን ኃይል መጨመር ሳሎኑን ይበልጥ ከማጋል በቀር አይረዳም። የፕሮፔን ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያደርሰው ማራገቢያው በቱቦ በሚገፋው አየር ነው፤ ስለዚህ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቅርንጫፍ ቱቦ ወደ መታጠቢያው መዘርጋት አለበት። መንገዱ አጭር፣ መታጠፊያውም ጥቂት ይሁን። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በክፍሉ ያለው ቀዝቃዛ አየር መውጫ ካላገኘ የሞቀው አይገባም። በዩኒቨርሲቲ በቀመር ያስለፋን ይህ ጉዳይ፣ እዚህ በበሩ ሥር በሚተው የሁለት ጣት ክፍተት ይፈታል።

ከቱቦው በፊት ግን ማሞቂያው ራሱ በባለሙያ ይመርመር። የእሳቱን ጭስ ወደ ክፍል ከሚነፍሰው አየር የሚለየው ብረት በዕድሜ ብዛት ከተሰነጠቀ፣ አዲሱ ቱቦ ከሙቀቱ ጋር ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ወደዚያ ጠባብ ክፍል ያደርሳል። የዚህ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያም ከመኝታው አጠገብ ይገጠም።